ሩስካ እህል እምቢ ያለች ዕለት

ታይሚ ሃልቱነን አትሳሳትም ቢባል ውሸት ነው፤ ተሳስተሻል የሚላት ሰው ግን በሐይቅ መሃል ባለችው በሄይናሳሪ ደሴት ላይ አልተረፈም። ይሏት ከነበሩት ገሚሶቹ ሞተዋል፣ ገሚሶቹ ልጆቻቸውን ተከትለው ከተማ ገብተዋል። ክረምት ሲገባ ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው የእሷ፣ ሌላኛው ከወሽመጡ ማዶ ያለው የሱሎ። ሱሎ ዕድሜውን ከዓሣ ጋር ያሳለፈ ሰው ነው፤ የሚናገረውም ዓሣ የሚናገረውን ያህል ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ እንጂ የሱሎ ዝምታ የሚነቅዝ ቢሆን ኖሮ ደሴቱ ተበልቶ ባለቀ ነበር።

ታይሚ ፖስተኛ ነበረች። አባቷ ጉልበቱ ሲደክም የፖስታውን ቦርሳ ከትከሻው አውርዶ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለላት፤ ያኔ ገና ኮረዳ ነበረች። እሷ በተራዋ ቦርሳውን ያወረደችው፣ ደብዳቤ የሚጻፍለት ሰው ከደሴቱ ሲያልቅ ነው። በበጋ በጀልባ፣ በክረምት በበረዶው ላይ በሸርተቴ ሐይቁን ትሻገር ነበር። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ክፉ ወቅት አለ፤ ያገሩ ሰው ኬሊሪኮ ይለዋል። ሐይቁ መቅለጥ ሲጀምር በረዶው ሰው አይሸከምም፣ ጀልባም አያሳልፍም። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዱቄቱንና ቡናውን አከማችቶ ቤቱ ይከተታል። ታይሚ ግን ከሥሩ ሁለት የብረት መንሸራተቻ ያለውን ቀላል ጀልባ በበረዶው ላይ እየገፋች፣ እጇን ከጠርዙ ሳታነሳ ትሄዳለች። በረዶው ሲከዳት ዘልላ ጀልባው ውስጥ ነች፤ ውሃውን ቀዝፋ ወዲያ ማዶ ያለው በረዶ ላይ ትወጣና ደግሞ ትገፋለች። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም የተባለው ለእሷ ይመስላል። ባሏ ቪልዮ በሕይወት ሳለ፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱን በአንድ ቀን አገባሁ» እያለ ሰው ያስቅባት ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

ቪልዮ ከሞተ በኋላ ቤቱን የሞላችው ሩስካ ናት። ሩስካ ቀይ፣ ጆሮዋ የቆመ፣ ጭራዋ ጀርባዋ ላይ የተጠቀለለ ውሻ ናት፤ ዛፍ ላይ ወፍ ካየች ሰው መጥቶ እስኪያያት ድረስ ስትጮኽ ለመተንፈስም አታቆምም። ታይሚን ስለ እሷ የጠየቃት ሰው ቢኖር «ውሻ ናት» ብላ ትመልሳለች። ውሻዋ ግን አልጋ ላይ ነበር የምትተኛው፤ ከአልጋውም የተሻለው ጎን የእሷ ነበር።

ስለ ውሻ ሕመም ደግሞ ታይሚ ያገሩ ሁሉ አማካሪ ነበረች። ሌሎቹ የደሴቱ ሰዎች የሳውና እንፋሎት፣ ቅጥራንና አረቄ ያላዳኑትን መቃብር ያድነዋል ባዮች ናቸው፤ ውሻቸውንም በዚያው ሊያክሙ ሲሉ ታይሚ ከእጃቸው እየነጠቀች ስንቱን አትርፋለች። የእሷ ሕክምና አጭር ነው። ውሻ ሲያስመልሰው ሳህኑን ታነሳለህ፤ ለዛሬ እህል የለም። ውሃ ትሰጠዋለህ፣ ግን ጥቂት በጥቂት፤ ገንዳውን በአንድ ትንፋሽ ከጨለጠው ያንኑ መልሶ ያወጣዋል። በማግስቱ ጨው ያልነካው ሩዝ ቀቅለህ፣ በአይብ ለውሰህ፣ በማንኪያ ትጀምርለታለህ። ጭራው ከተነሳ ተሻለው ማለት ነው። ይህ መላ በዚያ ሁሉ ዘመን አሳፍሯት ስለማያውቅ ብትኮራበት አይፈረድባትም።

የኮራችበት ሌላ ነገርም ነበር፤ ሲማዋ፣ የሎሚ መጠጧ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ለሚከበረው ለቫፑ በዓል ሲማ የማይጠምቅ ቤት የለም፤ የታይሚን ያህል የሚጥም ግን አልነበረም። ሎሚው፣ ስኳሩ፣ ትንሽ እርሾ፣ ከዚያ ዘቢብ። ዘቢቡ ከሥር ተነስቶ ከላይ ሲንሳፈፍ መጠጡ ደረሰ ይባላል። ደሴቱ ላይ ሰው በነበረበት ዘመን ሁሉም ለበዓሉ እሷ ቤት ይሰበሰብ ስለነበር የምትጠምቀው በትልልቅ ባልዲ ነበር። ሰው ሲቀንስ ባልዲውን አልቀነሰችም። ሱሎ አንዴ ደፍሮ ጠይቋታል።

«ይኼን ሁሉ ማን ሊጠጣው ነው?»

«ሰው ቢመጣስ?»

«በምን ይመጣል? ሐይቁን አታዪውም?»

«ቢመጣስ?» አለችው ዳግመኛ።

ድሮ መጠጡ ሲጠለል የሚወጣው ዘቢብ የጎረቤቷ የቄርቱ አሳማ ድርሻ ነበር። ቄርቱም አሳማውም ካለፉ ቆይተዋል፤ ዘቢቡ ግን እንደ ድሮው ልክ ይወጣል። የዚያን ዓመት የበዓሉ ዋዜማ ታይሚ ሲማውን በወንፊት አጠለለች፤ ያበጠውን ዘቢብ በሳህን ሙሉ ይዛ ከሳውናው ጀርባ ያለው የብስባሽ ክምር ላይ ደፋችው። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ገባች፤ ነገሩንም እዚያው ረሳችው።

በበዓሉ ጠዋት ሩስካ በረንዳው ላይ አስመለሳት። ቢጫ አረፋ ነው፤ መሃሉ ላይ የተጨማደደ፣ ጠቆር ያለ ልጣጭ አለበት። ታይሚ ጎንበስ ብላ አየችው። በዚያ ወቅት በረዶው ሲሳሳ ያምናው የዱር ፍሬ ከሥሩ ብቅ ይላል፤ ያገሩ ውሻ ሁሉ እየለቀመ ይበላዋል። ፍሬ ነው አለች በልቧ። ፍሬ ደግሞ ሩስካን ጎድቷት አያውቅም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሌላ መሆን አለበት። ጥፋተኛ ፈልጎ ለማግኘት ሄይናሳሪ ብዙ ምርጫ አይሰጥም።

ሱሎ ቀን ላይ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ሲማ ሊጠጣ መጣ።

«የዓሣ ሆድ ዕቃ ሰጥተሃታል» አለችው ገና ከደጅ።

ኮፍያውን አወለቀ። «ለማን?»

«ለሩስካ ነዋ፣ ለማን ይሆናል? ስንቴ ልንገርህ? ከጠዋት ጀምሮ ያስመልሳታል።»

ሱሎ ውሻዋን አያት። በረንዳው ጥግ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ድምፁን ስትሰማ ጆሮዋን ወደ እሱ አዞረች፣ ጭራዋን ግን አላነሳችም።

«ታማለች» አለ።

«መታመሟን እኔም አይቻለሁ። አንተ ሩህሩህ ነኝ እያልክ የምትወረውረውን ነው የምናገረው።»

«ሐኪም ጋ ብትደውዪ።»

«ለሆድ ሕመም? በበዓል ቀን? ነገ ሩዟን ትበላለች፣ ከነገ ወዲያ ወፍ ላይ ትጮኻለች። እኔ ውሻ ሳክም አንተ መረብ መጣል እንኳ አልተማርክም ነበር።»

ሱሎ ሲማውን ጠጣ፤ ጥሩ ነው አለ። ከዚያ አንድ ነገር ሊናገር ከንፈሩን ከፈት አድርጎ መልሶ ገጠመው፤ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ታይሚ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ አይታ፣ ይኸው ጥፋተኛ ባይሆን ኖሮ ይናገር ነበር ብላ ነገሩን ዘጋችው።

በማግስቱ ሩዝ በአይብ ለውሳ አቀረበችላት። ሩስካ ፊቷን አዞረች። ታይሚ ማንኪያውን አፏ ድረስ ወሰደችላት፤ ውሻዋ ምራቋን ዋጥ ዋጥ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ጉበት በቅቤ ጠበሰችላት። በዚያ የጉበት ሽታ የሞተ ውሻ ይነሳል፤ ሩስካ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። ታይሚ ድዷን በጣቷ ነካች፤ ደርቋል፣ ጣት ይይዛል። ቀስ ብላ አስነስታ ወደ ደጅ አወጣቻት። ውሻዋ በረዶው ላይ ቆመች፣ ቆመች፣ ምንም ሳታደርግ ተመልሳ ገባች። ታይሚ ያኔ ነው ያስተዋለችው። ከትናንት ጀምሮ አልሸናችም። ውሃ ግን ጠጥታለች። የጠጣችው የት ገባ?

የታይሚ መላ ስህተት አልነበረበትም፤ ለተራ የሆድ ሕመም ዛሬም ደህና መላ ነው። ያጎደለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳህኑን ከማንሳቷ በፊት ውሻዋ ምን እንደበላች አልጠየቀችም። እንዲያውም ጠይቃለች፤ መልሱን ግን አስቀድማ አዘጋጅታ ነው የጠየቀችው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ካለመጠየቅ ይብሳል።

ስልኩን አነሳች። ሊየክሳ ከተማ ያለችው ተረኛ የእንስሳት ሐኪም ፒሪታ የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ ድምጿ የተረጋጋ ነው። ታይሚ ሁሉንም በአጭሩ ነገረቻት።

«ምን በልታ ይመስልዎታል?» አለች ፒሪታ።

«ዓሣ። የጎረቤት ዓሣ።»

«ስትበላ አይተዋታል?»

«አላየሁም።»

«ያስመለሳትስ ምን ይመስል ነበር?»

«ቢጫ አረፋ። ደግሞ የዱር ፍሬ ልጣጭ፣ ያው ከበረዶ ሥር የሚወጣው።»

«ቀይ ነበር ልጣጩ?»

«ጠቆር ያለ ነው። የተጨማደደ።»

«ታይሚ፣ ለበዓሉ ሲማ ጠምቀው ነበር?»

«በየዓመቱ እጠምቃለሁ።»

«ዘቢቡንስ ምን አደረጉት?»

ታይሚ በመስኮቱ ወደ ሳውናው አየች። የሩስካ ዱካ በእርጥቡ በረዶ ላይ ከበረንዳው ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ብስባሹ ክምር ይሄዳል። አናቱ በመዳፍ ተጭሯል፤ በዋዜማው ዘቢብ የነበረበት ቦታ ጥቁር አፈር ሆኗል። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጣልኩት» አለች። «ውሻ የሚደርስበት ቦታ ጣልኩት።»

«ዘቢብ ለውሻ መርዝ ነው፤ የሚመታው ኩላሊት ነው» አለች ፒሪታ። «ሁሉንም ውሻ አይጎዳም፤ የትኛውን እንደሚጎዳ ግን ቀድሞ የሚያውቅ የለም። በበላችበት ሰዓት ብናገኛት አስመልሰናት በወጣ ነበር፣ አሁን ግን አልፏል። በአፏ ምንም አይስጧት። ጨው እናጠጣት የሚል ሰው ቢኖር እንዳይሰሙት። ቶሎ ግሉኮስ ላይ መዋል አለባት። በምን ያመጧታል?»

«በሐይቁ።»

«ሐይቁ እኮ አሁን…»

«አውቃለሁ።»

«ለውሻ ብለው እንዳይሞቱብኝ።»

«የኔ ልጅ፣ ያን ሐይቅ በዚህ ወቅት የተሻገርኩት ለሰው የስልክ ሂሳብ ለማድረስ ነው። ለሩስካ አልሻገረውም?»

ፒሪታ ታክሲ ልካ ከማዶ እንደምታስጠብቅላቸው ተናገረች። ታይሚ ሩስካን በሱፍ ብርድ ልብስ ጠቀለለቻት። ድሮ ጀልባውን ብቻዋን ነበር የምትገፋው፤ ዛሬ ግን ጉልበቷም የድሮው አይደለም፣ ጀልባው ውስጥ የተኛ ነገርም አለ። ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ትናንት በረንዳዋ ላይ የፈረደችበት ሱሎ ነው። የወሽመጡን ዳር ይዛ ስትሄድ የሚያስፈራት በረዶው አልነበረም። አፈረች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ሱሎ ደጁ ላይ እንጨት ይፈልጣል።

«ሱሎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው፤ እግሯ እንኳ በቅጡ ሳይቆም። «ዘቢቡን የጣልኩት እኔ ነኝ። በልታዋለች። ኩላሊቷ ሊቆም ነው።»

ሱሎ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰካው። «ዋዜማ ዕለት ክምሩ ላይ አይቻታለሁ» አለ። «ስትበላ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ትሰሚኝ ነበር?»

ታይሚ ወደ መጥረቢያው አየች።

«ደግሞ ዘቢብ ክፉ መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር» አለ ሱሎ። «ጣፋጭ በላች ብዬ አለፍኩ። ዓሣው ግን… መረቤ ከውሃ ከወጣ ሰነበተ እኮ። በዚህ በረዶ የምን ዓሣ ላጠምድ?»

«ይህን እንኳ ትናንት ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«በዓል ነበር» አለ ሱሎ።

ታይሚ ልትሰድበው ፈለገች፤ ልታቅፈውም ፈለገች፤ ለሁለቱም ጊዜ አልነበረም። «ጀልባ የሚገፋ ሰው እፈልጋለሁ» አለችው።

«ቦት ጫማዬን ላምጣ» አለ፤ ገባ።

ሐይቁ አመድ መስሏል። በክረምት ነጭ የነበረው በረዶ ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ሲረገጥ ውስጡ እንደ ሻይ ብርጭቆ ክምር ይንኳኳል። ታይሚ በቀኝ፣ ሱሎ በግራ ሆነው ጠርዙን ይዘው ክብደታቸውን በክንዳቸው ላይ ጥለው ገፉ። ሩስካ ከመሃል በብርድ ልብሱ ውስጥ ናት፤ አፍንጫዋ ብቻ ይታያል። ታይሚ ዓይኗን ከበረዶው አላነሳችም። ግራጫው ይይዛል፣ ጥቁሩ ይከዳል፣ ውሃ ያቆረው ደግሞ ልቡን የሚያውቅ የለም። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ እግሯ ነው የሚያውቀው፤ እግሯም የሚያውቀውን እንዳልረሳ ገና ከዳር ሳይርቁ ገባት። ልቧ ሞላ። በሕመሙ ተሳስቻለሁ፣ በመንገዱ ግን አልሳሳትም አለች ለራሷ፤ እውነቷን ነበር።

«ወደ ግራ» ትላለች። ሱሎ ወደ ግራ ይገፋል። «ቁም። ቀጥል። አሁን ሩጥ።»

መሃል ላይ ሲደርሱ በረዶው በታይሚ በኩል ከዳ። ሳትጮኽ ዘልላ ጀልባው ውስጥ ገባች። ሱሎ ግን ለመዝለል አንድ ትንፋሽ ዘገየ፤ እስከ ወገቡ ሰመጠ። ጠርዙን ግን አልለቀቀም። ታይሚ በጉልበቷ ተንበርክካ የጃኬቱን አንገትጌ በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ራሷ ጎተተችው፤ እንደ ትልቅ ዓሣ ተገልብጦ ሩስካ አጠገብ ወደቀ። ሩስካ ዓይኗን ገልጣ አየችው።

«ይቀዘቅዛል» አለ ሱሎ ጥርሱ እየተፋጨ።

«ምን ጠብቀህ ነበር?»

«ይህን ያህል አይደለም።»

«ቅዘፍ፤ ይሞቅሃል።»

ቀዘፈ። ታይሚ ጫፉ ብረት በሆነው ዘንግ ከፊት ያለውን ስስ በረዶ እየሰበረች መንገድ ከፈተች፤ ጠንካራው ጋ ሲደርሱ የጀልባውን አፍንጫ በረዶው ላይ አወጡት፤ ወረዱ፤ ገፉ። አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ እያሉ ከሰዓት በኋላ ማዶ ደረሱ። የታክሲው ሾፌር ከወደቡ ቆሞ ሁሉንም ሲያይ ነበር።

«አብዳችኋል እናንተ» አላቸው በሩን እየከፈተ።

«ወንበርህን ፕላስቲክ አልብሰው» አለችው ታይሚ፤ «ይህ ሰውዬ ረጥቧል።»

ክሊኒኩ ውስጥ ፒሪታ ሩስካን ተቀብላ የፊት እግሯን ፀጉር ላጨች፤ መርፌ አስገብታ ግሉኮሱን አንጠለጠለች፤ ደም ወሰደች። የደሙ ውጤት ሲመጣ ለታይሚ አልሸፈነችላትም። ኩላሊቷ ተጎድቷል አለቻት። በግሉኮሱ እንዲታጠብ እናደርጋለን፤ ማቅለሽለሹን በመድኃኒት እንይዝላታለን። ኩላሊቱ ከተነሳ ሽንት ይሠራል። ሽንት ካልመጣ ግን የሚገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እሷኑ ይጎዳታል፤ ያኔ እኔ የማደርግላት አይኖርም።

«መቼ ይታወቃል?» አለች ታይሚ።

«ቆይቶ ነው። መጠበቅ ነው።»

መጠበቅ ታይሚ ተምራው የማታውቅ ሥራ ነበር። ከተማ ያለው የሱሎ የወንድም ልጅ ቤቱ ማደሪያ ሰጣቸው፤ እሷ ግን ቀኑን የምታሳልፈው ክሊኒኩ ወለል ላይ፣ ሩስካ ያለችበት ሣጥን ፊት ለፊት ተቀምጣ ነው። ሠራተኞቹ ወንበር አመጡላት፤ ወንበሩ ላይ ካፖርቷን አስቀመጠች። ውሻዋ ግሉኮሱ እየገባላት ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ ትተኛለች። ከሥሯ የተነጠፈው ጨርቅ ግን ደረቅ ነው። ታይሚ በየጊዜው እጇን አስገብታ ትዳብሰዋለች፤ ደረቅ ነው።

እጇ ሥራ ሲያጣ ሞባይሏን አወጣች። በበጋ ወደ ደሴቱ ለሚመጡት፣ ድሮ ደብዳቤ ላደረሰችላቸው፣ ከተማ ለገቡት፣ ውሻ ላለው ሁሉ ተራ በተራ ደወለች። «ታይሚ ነኝ፣ ከሄይናሳሪ። የሲማውን ዘቢብ ውሻ በማይደርስበት አስቀምጡ። መርዝ ነው። ከየት አወቅሽ? የራሴን ውሻ መርዤ ነው ያወቅሁት።» ሰው ሊያጽናናት ሲጀምር ስልኩን ትዘጋና ለሌላው ትደውላለች። ዕድሜ ልኳን የሰውን ወሬ ስታደርስ የኖረች ሴት የራሷን ክፉ ወሬ ማድረስ ያቅተኛል አላለችም። አንዲት የድሮ ጎረቤቷ፣ «አንቺ እንኳ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ ነው?» ብላ ስታለቅስ፣ ታይሚ፣ «ሐኪሟ ታውቃለች። መጀመሪያ እሷ ጋ ደውዪ፣ ከዚያ እኔ ጋ» አለቻት። ሱሎ አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ቅንድቡን አነሳ።

አንድ ጠዋት ፒሪታ መጥታ ሩስካን ነካካቻት፤ ሆዷን ዳበሰች። «ዛሬ ትንሽ ወደ ደጅ ትውጣ» አለች። «አንዳንዴ ወለል ላይ ያልሠራ ነገር ደጅ ይሠራል። ካልሆነም…» ብላ ተወችው።

ካልሆነም የሚለውን ታይሚ በደንብ ሰማችው። ማሰሪያውን ተቀበለች። እስከ በሩ ድረስ ሄደች። በሩ ላይ ቆመች። በሐይቁ ላይ የጥቁር በረዶ ልብ እያነበበች የመጣች ሴት ያንን ደጅ ማየት አቃታት። ከሩስካ ሌላ ቤት የሚጠብቃት ፍጡር እንደሌለ በልቧ ለራሷ አልደበቀችም።

«አንተ ውሰዳት» አለችው ሱሎን። «እኔ አላይም።»

ሱሎ ማሰሪያውን ተቀብሎ ወጣ። ታይሚ ደረጃው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። መጥረጊያ አስፋልቱን ሲፍቅ ይሰማታል፤ መኪና አለፈ፤ የሩስካ ጥፍር ጠጠሩ ላይ ሲሄድ ይሰማታል። ከዚያ ጥፍሩ ቆመ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ታይሚ መዳፏን በጉልበቷ መካከል አጥብቃ ያዘች። እግዚአብሔርን ብዙ ጊዜ አስቸግራው አታውቅም፤ አሁን አስቸገረችው።

«ሸናች» አለ ሱሎ ከኋላዋ።

ታይሚ አልዞረችም። ፊቷ ሁሉ እንባ ሆኗል፤ እንዲያየው አልፈለገችም፣ ቢያየውም ግድ አልነበራትም።

«ደግመህ በለው» አለችው።

«ሸናች» አላት ሱሎ። «ገና አልጨረሰችም።»